ለአራስ ሕፃን የሚያስፈልጉ ዕቃዎች አመራረጥና አቀራረብ

ሚስቱ የመውለጃዋ ቀን የቀረበ አንድ ወጣት ባል ወደ ሱቅ ገብቶ «ለሕፃን የሚሆን ምን ምን አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በኪሱ የያዘው ገንዘብ የተወሰነ፣ ስለ ጉዳዩ ያለው ዕውቀትም ከገንዘቡ ያነሰ መሆኑን ልምድ ያለው ባለሱቅ ወዲያው ያስተውላል። በዚያች ሰዓት ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ ረጅም ጊዜ የቆየውንና ትርፉ የሚበልጠውን ዕቃ አውርዶ ቢያሳየው ወጣቱ ሳይከራከር ይገዛው ይሆናል። ነገር ግን የሕፃኑ አያት ዕቃውን ባየች ጊዜ «ይህን ለምን ገዛህ?» ማለቷ አይቀርም፤ ከዚያም በኋላ ያ ደንበኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። በሕፃን ዕቃ ንግድ ደግሞ ዋናው ጥቅም ያለው በመጀመሪያው ቀን ሽያጭ ሳይሆን፣ ደንበኛው ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ በመመላለሱ ነው።

ከዚህም በላይ ይህ ሸቀጥ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለ። መጥፎ ጃንጥላ የሸጠ ነጋዴ ደንበኛውን በዝናብ ያስመታዋል፤ መጥፎ የሕፃን አልጋ ወይም ለሕፃን የማይሆን የዱቄት ወተት የሸጠ ግን በማናቸውም ገንዘብ የማይካስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣውም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጠው ነጋዴ፣ የሚፈለገውን ከማይፈለገው፣ ደኅናውንም ከአደገኛው ለይቶ ማወቁ የሥራው ክፍል ነው።

በሀገራችን በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። ይህን ቁጥር የሰማ አስመጪ ገበያው ወሰን የሌለው ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚወለዱት በገጠር ሲሆን፣ ለነርሱ ከገበያ የሚገዛው ጥቂት ጨርቅና ሳሙና ብቻ ነው። በከተማም ቢሆን የገዢው አቅም እጅግ የተለያየ ነው። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ለአንድ ዶላር የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እንግዲህ ትዕዛዙን አሳስቶ አንድ ኮንቴይነር የማይሸጥ ዕቃ ያስገባ ሰው የሚያጣው ገንዘብ ከቀድሞው እጅግ የበዛ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዳይፐር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሕፃን ዕቃ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሸቀጥ እርሱ ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር በአሜሪካ ገበያ በሰፊው መታወቅ የጀመረው ፓምፐርስ የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1961 ከወጣ በኋላ ነው። በሀገራችንም አንዳንድ ሸማች የማናቸውንም ፋብሪካ ዳይፐር በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል። በመጀመሪያው ዘመን ውስጡ የወረቀት ጥጥ ብቻ ስለ ነበረ ወፍራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ሽንቱን መጥጦ እንደ ሙጫ የሚያረጋ ነጭ ፍሬ በውስጡ ስለ ተጨመረበት ቀጠነ። የዳይፐር ጥራት የሚለካው በዋናው በዚህ ፍሬ መጠንና ዓይነት ነው፤ በማሸጊያው ላይ በተሣለው የሕፃን ፎቶግራፍ አይደለም።

የፋብሪካ ወኪሎች ናሙና ሲያሳዩ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ በዳይፐሩ ላይ አፍስሰው ሁሉንም ሲመጠው ያስመለክታሉ። ይህ ሙከራ ነጋዴውን ሊያታልለው አይገባም። ያ ነጭ ፍሬ ጨው የሌለውን ውሃ ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ ሊመጥ ይችላል፤ ጨው ያለበትን ፈሳሽ፣ ይኸውም ሽንትን፣ የሚመጠው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ለማወቅ የሚሻ አስመጪ በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ፣ ከዚያ በሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ዳይፐር ላይ እኩል መጠን ያፍስስ። አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ደረቅ ሶፍት በላዩ አኑሮ በመዳፉ ይጫነው፤ ሶፍቱ የራሰበት ዳይፐር የሕፃኑን ቆዳ እንደሚያቃጥል ይወቅ። የጎኑንም ማጣበቂያ አሥር ጊዜ ያህል ፈትቶ መልሶ ማጣበቅ፣ የእግሩንም ላስቲክ ስቦ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ከጥራቱ ቀጥሎ ብዙ ነጋዴዎችን የሚያከስረው የቁጥር ጉዳይ ነው። ዳይፐር በሕፃኑ ክብደት ልክ በቁጥር የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ መጠነኛ ልዩነት ቢኖርም፣ ቁጥር 1 ከ2 እስከ 5 ኪሎ፣ ቁጥር 3 ከ6 እስከ 10 ኪሎ፣ ቁጥር 4 ከ9 እስከ 14 ኪሎ ለሚመዝኑ ሕፃናት ያገለግላል። አሁን ሕፃኑ እንዴት እንደሚያድግ እንመልከት። ሲወለድ 3 ኪሎ ያህል የነበረ ሕፃን በአምስተኛው ወር ገደማ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ ቁጥር 1 የሚያገለግለው ለሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። አራስ ሕፃን በቀን እስከ አሥር ጊዜ ስለሚለወጥ በነዚያ ሁለት ወራት 600 ያህል ዳይፐር ይፈጃል እንበል። ቁጥር 2 ለሁለት ወር፣ በቀን ስምንት ቢባል፣ 480 ይሆናል። ቁጥር 3 ለስምንት ወር ያህል በቀን ስድስት ቢቆጠር 1,440 ይደርሳል። ቁጥር 4 ደግሞ ለሁለተኛው ዓመት በሙሉ በቀን አምስት ቢታሰብ 1,800 ይሆናል። ጠቅላላው 4,320 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቁጥር 3 እና ቁጥር 4 ብቻቸውን ሦስት አራተኛውን ይወስዳሉ ማለት ነው።

ከየቁጥሩ እኩል ካርቶን ያዘዘ አስመጪ የቁጥር 4 ደንበኛውን «አልቋል» እያለ ሲመልስ፣ የቁጥር 1 ካርቶን በመጋዘኑ ሲያረጅ ይኖራል። እርግጥ ነው፣ በሀገራችን ብዙ እናቶች ቀን ቀን በጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ሲወጡ ብቻ በዳይፐር ስለሚጠቀሙ ጠቅላላው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው፤ በየቁጥሩ መካከል ያለው ድርሻ ግን ብዙ አይለወጥም። አራስ ጠያቂ ለስጦታ ትንሹን ቁጥር መግዛት ስለሚወድ፣ ከላይ ከተባለው ለቁጥር 1 ጥቂት መጨመር ተገቢ ነው። ሌላው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ዳይፐር ቀላል ሆኖ ብዙ ቦታ የሚይዝ ዕቃ መሆኑ ነው፤ ኮንቴይነሩ የሚሞላው በክብደት ሳይሆን በስፋት ነው። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ የሚከፈለው ኪራይ ለአንድ ዳይፐር ስንት ሳንቲም እንደሚደርስ አስቀድሞ ማስላትና፣ ተጨቁኖ የታሸገውን ዓይነት መምረጥ ይገባል።

የጨርቁ ዓይነት ገና ያለቀለት ሸቀጥ አይደለም፤ የዳይፐር ዋጋ በጨመረ ቁጥር ወደ ጨርቅ የሚመለስ ሸማች አለ። በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የምታጥብ እናት ከ24 እስከ 30 የሽንት ጨርቅ ያስፈልጋታል። ጨርቁ ከንጹሕ ጥጥ የተሠራ፣ የሳሳና ተጣጥፎ የሚለበስ ቢሆን ይመረጣል፤ ወፍራሙ በክረምት ቶሎ አይደርቅምና። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጨርቅ ሳይደርቅ ሲቀር ዳይፐር የማይገዛው ቤት እንኳ ለመግዛት ስለሚገደድ፣ ብልህ ባለሱቅ በሰኔ ወር መጋዘኑን ይሞላል።

ስለ ልብስ ሲነሣ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከልክ ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሕፃን ልብስ የሚለኩት በቁመት ሲሆን 50፣ 56፣ 62፣ 68 እያሉ ይቈጥራሉ፤ የቻይናዎቹ 59፣ 66፣ 73፣ 80 ይላሉ፤ የአሜሪካኖቹ ደግሞ በወር ይለካሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በ50 ልክ የተሰፋ ልብስ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አይገባውም። ስለዚህ ከዚህ ልክ ጥቂት ብቻ፣ ከ62 እና ከ68 ግን ብዙ ማዘዝ ይሻላል፤ ለገዢውም «ትንሽ ሰፋ ይበልለት» ብሎ መምከር ደንበኛን ያስደስታል እንጂ አያስቀይምም። ቱታው ከፊት ወይም ከጎን የሚከፈት ቢሆን፣ ገና አንገቱ ያልጠና ሕፃንን ለማልበስ ያመቻል። ቁልፉን ባለሱቁ ራሱ በጣቱ አጥብቆ ይሳበው፤ በቀላሉ የሚነቀል ቁልፍ ወደ ሕፃን አፍ የሚገባ ነገር ነው። በአንገት ላይ ረጅም ገመድ ያለው ኮፍያም ለአራስ አይሸጥም።

የሀገራችን አየር እንደ ቦታው ስለሚለያይ የደብረ ብርሃን ሱቅና የድሬዳዋ ሱቅ አንድ ዓይነት ዕቃ ሊይዙ አይችሉም። በደጋ ኮፍያ፣ ካልሲና የሱፍ ብርድ ልብስ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆነው ቆላ ግን ሱፉን ትቶ ስስ የጥጥ ልብስና አጎበር መያዝ ይገባል፤ ወባ ያለበት ስፍራ ነውና። እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ በሕፃኑ ላይ የሚደፋው ትንሽ አጎበር ከዝንብና ከትንኝ ይከላከላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መድኃኒት የተነከረ ስላይደለ፣ ቤተ ሰቡ ከትልቁና መድኃኒት ካለበት አጎበር ውስጥ እንዲተኛ መንገር ተገቢ ነው። በዚህ ላይ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚሠሩት ስስ ጋቢና ፎጣ ከውጭ ከሚመጣው ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ የማያንስ፣ እንዲያውም አየር ስለሚያስገባ ለሕፃን የሚሻል ነው። ዶላር የማይጠይቅ ዕቃ በመሆኑም ለባለሱቁ ሁለተኛ ጥቅም አለው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ምግቡ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር ድረስ ሕፃን የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ ስለዚህ ለጤነኛ አራስ «የግድ ያስፈልጋል» ከሚባሉት ዕቃዎች ውስጥ ጡጦም ሆነ የዱቄት ወተት አይገኝም። ይህን መናገር ለነጋዴ የሚከብድ ቢመስልም፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በ118 ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ ለነጋዴው ጭምር የተጻፈ ነው። በዚያ ደንብ መሠረት የጡት ወተትን የሚተካ ምግብ፣ ጡጦና የጡጦ ጫፍ ለሕዝብ ማስታወቂያ አይነገርላቸውም፤ ለእናቶች በነጻ ናሙና አይታደሉም፤ በችርቻሮ ሱቅም በዋጋ ቅናሽና በስጦታ እየታጀቡ አይሸጡም። በሱቁ መስኮት ላይ የወፈረ ሕፃን የተሣለበትን የወተት ማስታወቂያ የለጠፈ ባለሱቅ ይህን ሳያውቅ ይተላለፋል ማለት ነው።

አስመጪውም በበኩሉ የሕፃናት ምግብ እንደ ሌላ ሸቀጥ በንግድ ፈቃድ ብቻ የሚገባ እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ሆነ፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈት አስቀድሞ ምርቱ የተመዘገበ መሆኑን ከዚያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከወደብ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ የመጋዘን ኪራይን መክፈል ነው። በሻንጣ የሚገባውና ከየት እንደ መጣ የማይታወቀው ቆርቆሮ ወተት ደግሞ በሱቅ ውስጥ ባይገኝ ይሻላል፤ በፀሐይ ላይ ቆይቶ ይሁን፣ የማብቂያው ቀን ተፍቆ ይሁን ሻጩ ሊያውቅ አይችልም።

በብዙ ሱቆች የሚታይ አንድ ሌላ ስሕተት አለ። ለሻይ የሚሆነው ተራ የዱቄት ወተት ለሕፃን ከተዘጋጀው ወተት ጎን ይደረደራል፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ገዢው እርሱን ያነሣል። ተራው የላም ወተት ግን፣ ዱቄትም ሆነ ትኩስ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ምትክ አይሆንም፤ ጨዉና ፕሮቲኑ ለሕፃኑ ኩላሊት ይበዛል፤ የብረት ንጥረ ነገሩም ያንሳል። ሁለቱን በተለያየ መደርደሪያ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው። በሐኪም ምክር የሕፃናት ወተት ለሚገዛም፣ ዱቄቱ ከተሕዋስያን የጸዳ ስላይደለ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ መበጥበጥ እንዳለበትና ቀዝቅዞ መሰጠት እንዳለበት መንገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ከምድጃ የወረደ ውሃ ብዙ ሳይቆይ መጠቀም ይገባል።

ይሁን እንጂ የጡጦ ገበያ የለም ማለት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ጡቷን አልባ ለማኖር የምትፈልገው የጡት ማለቢያና ንጹሕ ማስቀመጫ ነው፤ ይህም በከተሞች ፈላጊው ሊበዛ የሚችል ዕቃ ነው። የታለበ ወተት በቤት ውስጥ ሙቀት ለአራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለአራት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ሻጩ ቢያውቅ ዕቃውን ለማስረዳት ይረዳዋል። ጡጦ ሲታዘዝ ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ጠንካራና እንደ መስተዋት ከሚያንጸባርቀው ፕላስቲክ የተሠራውን ማስወገድ ያስፈልጋል። ከዚህ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ የሚባል ንጥረ ነገር እየለቀቀ ወደ ወተቱ ስለሚገባ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011፣ አሜሪካም በ2012 ለሕፃን ጡጦ እንዳይውል ከልክለዋል። በሌላ ሀገር የተከለከለ ዕቃ በርካሽ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ከፋብሪካው የጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅና ከጡጦው በታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር የታተመበትን፣ ይኸውም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን መምረጥ ይገባል። አፈ ሰፊው በብሩሽ ለመታጠብ ያመቻል። ጌጥ፣ ጥግና ቀጭን ቱቦ የበዛበት ጡጦ ግን ቆሻሻ የሚደበቅበት ነው።

የሕፃን አልጋ የግድ ከሚያስፈልጉት ውስጥ አይቆጠርም፤ ቦታና አቅም ያለው ግን ይገዛዋል። በዚህ ዕቃ ላይ ማጥበቅ ያስፈልጋል። በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመካከሉ ካለፈ፣ የሕፃኑ ገላ አልፎ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ አልጋ ብሎኑ እየላላ ሕፃናትን ስለ ገደለ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ሽያጩን ከልክላለች። ፍራሹ ጠንካራ ሆኖ ከአልጋው ጋር የተስተካከለ፣ በጎኑም ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ ይሁን። ትራስ፣ በአልጋው ዙሪያ የሚታሰር ለስላሳ መከለያና አጋድሞ የሚያስተኛ ማወዛወዣ ውብ ሆነው በስጦታ ቢሸጡም፣ ሕፃኑን ሊያፍኑት ይችላሉ። መከለያውና ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያጋድለው ማስተኛ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሕግ በአሜሪካ እንዳይሸጡ ታግደዋል። ሕፃን በጀርባው ተንጋሎ በጠንካራ ፍራሽ ላይ እንዲተኛ የሚመክረው ዘመቻ በዚያ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። የሀገራችን አናጢዎች ከላይ የተባለውን ልክ ተጽፎ ቢሰጣቸው ደኅና አልጋ ለመሥራት አያቅታቸውም።

ለመታጠቢያ አንድ ሳፋ፣ ሽታ የሌለው ሳሙናና ሁለት ፎጣ ይበቃል። ከታልክ የተሠራ የሕፃን ዱቄት ወደ ሳንባ ስለሚገባ አይመከርም፤ በዓለም የታወቀው ዋና አምራች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ገበያ ሁሉ ትቶታል። የሙቀት መለኪያ በእያንዳንዱ ቤት ቢኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን የሜርኩሪው ዓይነት በሚናማታ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በአባል ሀገሮች ዘንድ ከንግድ የወጣ ስለ ሆነ፣ በባትሪ የሚሠራውን ማዘዝ ይገባል።

ባለጎማ የሕፃን መለማመጃ፣ በተለምዶ ዎከር የሚባለው፣ በገበያችን በብዛት ይታያል። ካናዳ ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጥን፣ ማስገባትንና ማስተዋወቅን ከልክላለች፤ ያገለገለውንም ጭምር። ምክንያቱ ሕፃኑ በርሱ ላይ ሆኖ ከወላጁ ዐይን በቅጽበት እየራቀ ከደረጃ ስለሚወድቅ ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና በወለል ላይ መኖሩ ይታሰብ። መራመድን ያፋጥናል የሚባለውም እውነት አይደለም። ትርፉ ጥሩ ነው ተብሎ ይህን ዕቃ ማስገባት ባይቀጥል ይሻላል።

የሕፃን ጋሪ በአዲስ አበባ ረጅም ዘመን ሳይሸጥ የቆየው፣ ኮብልስቶኑና የተቆፈረው የእግረኛ መንገድ ስላላስኬደው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች በተሠሩባቸው ሰፈሮች ነገሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ቢሆንም ጋሪ ብዙ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ስለ ሆነ በጥቂቱ ጀምሮ ማየት ይሻላል። ለመኪና የሚሆነው የሕፃን ወንበርም ፈላጊ አለው። የአውሮፓ ኅብረት በአሮጌው ደንብ ቁጥር 44 የተሠሩትን ወንበሮች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ከሽያጭ ስላወጣ፣ ትርፍራፊው ወደ ሌሎች ገበያዎች በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። አዲሱን ደንብ ቁጥር 129 የሚያሟላውን፣ በተለይም አሮጌ መኪናዎቻችን የብረት ማያያዣ ስለሌላቸው በመኪናው ቀበቶ የሚታሰረውን ማዘዝ ያስፈልጋል። ያገለገለ ወንበር ግጭት የደረሰበት መሆኑ ስለማይታወቅ ሊሸጥ አይገባውም።

ሕፃንን ለመሸከም ከአንቀልባ የተሻለ ዕቃ ለሀገራችን እናት ማቅረብ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሞች፣ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማሞቅን ጀመሩ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ሕክምና ሆኗል። ሕፃኑን ከሰውነት ሳይለዩ መያዝን የእኛ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጥሩ አንቀልባ የሕፃኑን ጭን ከፍቶ ጉልበቱን ከዳሌው ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነው፤ እግሩን ቀጥ አድርጎ የሚያጣብቀው ግን የዳሌን መጋጠሚያ ሊጎዳ ይችላል።

ላኪዎችም በዚህ ዕቃ ላይ ዐይናቸውን ቢጥሉ መልካም ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይፈልጉታል። ነገር ግን በዛጎልና በጨሌ ያጌጠውን የቆዳ አንቀልባ ለሕፃን መሸከሚያ ነው ብሎ መላክ አይቻልም፤ የሚረግፍ ጌጥ በሕፃን ዕቃ ላይ የተከለከለ ነውና፣ ለግድግዳ ጌጥ ተብሎ ይላክ። ለመሸከሚያ የሚሆነው አሜሪካ ውስጥ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ 2236 የተባለውን ደረጃ ማሟላት፣ የእርሳስ መጠኑም ከሚሊዮን 100 እጅ ያልበለጠ መሆኑ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ሀገራችን ከአጎዋ ጥቅም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስለ ወጣች የቀረጡንም ነገር ማስላት ያስፈልጋል።

ወደ ባለሱቁ ስንመለስ፣ የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ አቅም ለሌላቸው፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለእናቶች ሁሉ የሚሰጠው ካርቶን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ በውስጡ ልብስ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ አለበት፤ ካርቶኑ ራሱ ለአልጋ ያገለግላል። እንደዚሁ ባለሱቁ ከውጭ የሚመጣውንና ውስጡ የማይረባውን የስጦታ ሣጥን ትቶ፣ ሦስት ዓይነት ጥቅል ራሱ ቢያዘጋጅ ይችላል። ለትንሹ አቅም፦ 12 የሽንት ጨርቅ፣ ሁለት ቱታ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ፎጣና ሳሙና። ለመካከለኛው በዚህ ላይ አንድ ጥቅል ዳይፐር፣ ስስ ጋቢና የሙቀት መለኪያ ይጨመራል። ለትልቁ አንቀልባና አጎበር ይታከልበታል። አራስ ጠያቂ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ሲሄድ ዋጋው የታወቀ፣ የተጠቀለለና የሚጠቅም ዕቃ ቢያገኝ አያመነታም።

ጊዜውንም መከተል ያስፈልጋል። ሙስሊሙ ቤተ ሰብ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ያደርጋል፤ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ለዚያ ቀን የሚለበሰው ነጭ ልብስ ልኩ ከአራስ ልብስ ይበልጣል። ዳይፐር የገዛን ደንበኛ የሕፃኑን የልደት ቀን በደብተር ላይ ጽፎ የያዘ ባለሱቅ፣ ነጩን ልብስ መቼ፣ ቁጥር 3 ዳይፐርንም መቼ እንደሚያቀርብ ያውቃል። የተሰጠው ስጦታ ልኩ ያልሆነለት ደንበኛ ጥቅሉን ሳይከፍት በ30 ቀን ውስጥ ሲመልስ በሚበልጠው ቁጥር ቢለወጥለት፣ ባለሱቁ የሚያጣው ነገር የለም፤ የተመለሰው ቁጥር 1 በዚያው ሳምንት ለሌላ አራስ ይሸጣልና።